ከቁራሹ የማይለየው ስፔስ

በ1991 የአውሮፓ በጋ ሁለት የሒሳብ ሰዎች፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ፣ አንድ ዓይነት ነገር ሠሩ። አንደኛው ቲሞቲ ጋወርስ ነው፤ ካምብሪጅ ዶክትሬቱን ካገኘ ገና አንድ ዓመቱ የሆነ የ27 ዓመት ወጣት። ሁለተኛው ፓሪስ ያለው በርናርድ ሞሬ ነው፤ ጋወርስ ልጅ ሳለ በዚሁ ዘርፍ ስሙ የተጠራ ሰው። የሠሩት ነገር የሒሳብ ስፔስ ነበር። እስከዚያ ድረስ የታወቁት ስፔሶች ቢያንስ በአንድ ጥጋቸው የሚያሳዩትን ሥርዓት ይህኛው በየትኛውም ጥጉ አያሳይም። ሥራዎቻቸው በጣም ስለተመሳሰሉ በጋራ ለማሳተም ተስማሙ፤ ጽሑፉም በ1993 በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ጆርናል ወጣ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ላይ ላዩን ሲታይ የዚህ ስፔስ ሥራ ማፍረስ ብቻ ነው፤ ለአሥርት ዓመታት ተስፋ የተጣለበትን ግምት ሐሰት አደረገው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ1932 ስለ ሥርዓት የተጠየቀ፣ ከስድሳ ዓመት በላይ ያልተመለሰ ጥያቄ ነበር፤ ቁልፉም ከዚህ ሥርዓት አልባ ስፔስ ጎን ተገኘ።

ጥያቄው የስቴፋን ባናኽ ነው። ለመረዳት ከተማሪ ቤት እንነሣ። በምንኖርበት ባለ ሦስት ዳይሜንሽን ዓለም አንድ ነጥብ በሦስት ቁጥሮች ይገለጻል፤ ከመነሻው ያለውን ርቀት ለማወቅ በፓይታጎረስ ሕግ ቁጥሮቹን በራሳቸው አባዝተን፣ ደምረን፣ የድምሩን ስኩዌር ሩት እንወስዳለን። አሁን ቁጥሮቹ ሦስት መሆናቸው ቀርቶ ማለቂያ የሌላቸው ይሁኑ። ሕጉ ያው ከሆነ፣ ድምራቸው ወሰን ያላቸው ዝርዝሮች ሁሉ ተሰብስበው የሂልበርት ስፔስ የተባለውን ይሠራሉ። ርዝመትን በሌላ መንገድ መለካትም ይቻላል። ቁጥሮቹን ወደ ሁለተኛ ኃይል ከፍ በማድረግ ፋንታ ወደ ሦስተኛ ወይም ወደ አራተኛ ከፍ አድርጎ መደመር፣ ወይም ምልክታቸውን ትቶ እንዲሁ መደመር፣ ወይም ወደ ዜሮ የሚወርዱ ዝርዝሮችን ብቻ ወስዶ ከመካከላቸው ትልቁን ቁጥር ርዝመት ነው ማለት። እያንዳንዱ መለኪያ የየራሱን ስፔስ ይፈጥራል። የሒሳብ ሰዎች መለኪያውን ኖርም ይሉታል። ባናኽ በዚህ ላይ አንድ ነገር ጠየቀ፦ እርስ በርስ እየተቀራረቡ የሚሄዱ ነጥቦች የሚያመሩበት ነጥብ እዚያው ስፔሱ ውስጥ ይገኝ። ይህን የሚያሟላ ሁሉ ዛሬ በእሱ ስም የባናኽ ስፔስ ይባላል።

ሁለት ስፔሶች አይሶሞርፊክ ናቸው የሚባለው የአንዱን ነጥቦች ከሌላው ነጥቦች ጋር አንድ ለአንድ ማዛመድ ሲቻል ነው። ማዛመዱ መደመርንና ማባዛትን መጠበቅ አለበት፤ ርዝመትንም ከተወሰነ መጠን በላይ መለጠጥ ወይም ማጨማደድ የለበትም። ባናኽ በ1932 በፈረንሳይኛ ባሳተመው የሊኒየር ኦፕሬሽኖች መጽሐፉ እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ ከማለቂያ አልባ ንዑስ ስፔሶቹ ሁሉ ጋር አይሶሞርፊክ የሆነ ስፔስ ከሂልበርት ስፔስ ሌላ አለ ወይ? እንጀራን ከየትም ብትቆርሰው ቁራሹ ያው እንጀራ ነው። የሂልበርት ስፔስም እንዲሁ ነው፤ ማለቂያ የሌለው ዳይሜንሽን ያለውን ዝግ ንዑስ ስፔስ ከየትም ውሰድ፣ የፓይታጎረስ ሕግ አብሮት ይሄዳልና ራሱን ትንሹን ሳይሆን ራሱን ሙሉውን ታገኘዋለህ። ይህ ጠባይ የእሱ ብቻ ነው ወይስ የሚጋራው አለ? እንዲህ ያለውን ስፔስ ሆሞጂኒየስ ይሉታል።

ባናኽ ይህን የጻፈው ያኔ የፖላንድ፣ ዛሬ የዩክሬን በሆነችው በልቮቭ ነው። የከተማዋ የሒሳብ ሰዎች የሚሰበሰቡት ስኮትላንዳዊ ካፌ በሚባል ቡና ቤት ነበር። መጀመሪያ በእብነ በረድ ጠረጴዛዎቹ ላይ በእርሳስ ይጽፉ ነበር፤ በማግስቱ ሁሉም ተጠርጎ ይጠፋል። በ1935 የባናኽ ባለቤት ዉትሲያ ወፍራም ደብተር ገዝታ ሰጠች፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄዎቹ በዚያ ደብተር ላይ ሰፈሩ፣ ለመፍትሔያቸውም ሽልማት ይጻፍላቸው ጀመር። አንዳንዱ ሽልማት ቢራ ነው፣ አንዳንዱ ወይን። ስታኒስዋቭ ማዙር በኖቬምበር 6 ቀን 1936 ቁጥር 153 ሆኖ ለተመዘገበው ጥያቄው ሕያው ዝይ ተሳለ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ዛሬ የምንጠቀምበትን የመሠረት ሐሳብ የሰጠን ዩሊዩሽ ሻውደር አይሁዳዊ ነበርና በ1943 ናዚዎች ገደሉት። ባናኽ የጀርመንን ይዞታ ዘመን የታይፈስ ክትባት በሚሠራበት የሩዶልፍ ቫይግል ተቋም ውስጥ ደሙን ለቅማል እየመገበ ነው ያሳለፈው፤ በ1945 በ53 ዓመቱ በሳንባ ካንሰር ሞተ። ደብተሩ ተረፈ። ስለ ዘርፉ ሳስብ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ይህ ነው፦ ሰዎቹ ሲበተኑና ሲገደሉ ጥያቄዎቹ በቡና ቤት ደብተር ላይ ቆዩ።

የማዙር ዝይ ከባናኽ ጥያቄ ጋር የሚገናኘው በመሠረት በኩል ነው። የአንድ ስፔስ መሠረት ማለት በተራ የተሰለፉ ቬክተሮች፣ ማለትም የስፔሱ ነጥቦች፣ ሆነው፣ እያንዳንዱን የስፔሱን ነጥብ የእነሱ ማለቂያ አልባ ድምር አድርገን በአንድ መንገድ ብቻ እንድንጽፈው የሚያስችሉን ናቸው። በባናኽ መጽሐፍ ውስጥ እንደሰፈረው፣ ማለቂያ አልባ የባናኽ ስፔስ ሁሉ መሠረት ያለው ንዑስ ስፔስ በውስጡ ይዟል። አሁን ሆሞጂኒየስ የሆነ ስፔስ እናስብ። ከንዑስ ስፔሶቹ አንዱ መሠረት ካለው ሁሉም አይሶሞርፊክ ናቸውና ሁሉም መሠረት አላቸው። ስለዚህ መሠረት የሌለው አንድ ንዑስ ስፔስ ማግኘት ብቻውን ማንኛውንም እጩ ከውድድሩ ያስወጣዋል።

ግን መሠረት የሌለው ስፔስ ከናካቴው አለ ወይ? በ1955 አሌክሳንደር ግሮተንዲክ የማዙር ቁጥር 153 ከዚሁ ጥያቄ ጋር የተሳሰረ መሆኑን አሳየ። በ1972 ስዊድናዊው ፔር ኤንፍሎ፣ በፒያኖ ተጫዋችነቱም የታወቀው፣ መሠረት የሌለው ስፔስ ሠራ፤ የማዙርም ጥያቄ አብሮ ተፈታ። ማዙር ቃሉን አላጠፈም፤ በዚያው ዓመት ዋርሶ ላይ ሕያው ዝይ በኤንፍሎ እጅ አስረከበው። የኤንፍሎ መንገድ ከተከፈተ በኋላ ሌሎች ተከትለው ገቡ። ርዝመትን ከሁለት በሌላ ኃይል የሚለኩት ስፔሶች፣ ትልቁን ቁጥር የሚወስደውም ጭምር፣ መሠረት የሌለው ንዑስ ስፔስ በውስጣቸው እንዳለ ታወቀ፤ የመጨረሻዎቹን በ1978 የዘጋው አንጄይ ሻንኮቭስኪ ነው። ከክላሲኮቹ ስፔሶች መካከል ሂልበርት ብቻውን ቀረ።

ይህ ግን ባናኽን አይመልስም። ሁሉም የባናኽ ስፔስ ከክላሲኮቹ አንዱን በውስጡ ቢይዝ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር፤ ብዙዎችም ይህን ተስፋ አድርገው ነበር። በ1974 የሌኒንግራዱ ቦሪስ ፂረልሶን፣ ገና የ24 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ተስፋውን ቆረጠው። ከክላሲኮቹ አንዱንም የማይዝ ስፔስ ሠራ። የሠራበት ዘዴ እስከዛሬ የዘርፉ ዋና መሣሪያ ነው፤ የእሱን ስፔስ ተጣማሪ፣ ማለትም በእሱ ላይ ከተገለጹት ሊኒየር ፈንክሽኖች የሚሠራውን ስፔስ፣ ታዴዩሽ ፊጊየልና ዊልያም ጆንሰን በዚያው ዓመት በጻፉት መልክ ላቅርበው። የአንድን ዝርዝር ርዝመት ለማወቅ ዝርዝሩን በተከታታይ ቁራጮች ክፈል፤ ቁራጮቹ አሥር ከሆኑ የመጀመሪያው ከአሥረኛው ቦታ ቀድሞ እንዳይጀምር። የቁራጮቹን ርዝመት ደምርና በሁለት አካፍል። ከእንዲህ ያለው አከፋፈል ሁሉ የሚገኘውን ከፍተኛ ውጤት ከዝርዝሩ ትልቅ ቁጥር ጋር አወዳድርና የሚበልጠውን ውሰድ። አንባቢ እዚህ ላይ ቢቆም ተገቢ ነው፦ የቁራጮቹ ርዝመት የሚለካው በምንድን ነው? በዚያው ገና እየተገለጸ ባለው ኖርም ነው። ኖርሙ የሚገለጸው በራሱ ነው፤ እንዲህ ያለ ኖርም በእርግጥ መኖሩም ይረጋገጣል። ከዚያ በፊት የነበሩት ስፔሶች ሁሉ በቀጥተኛ ቀመር የተገለጹ ነበሩ። ፂረልሶን የጨመረው አንድ ስፔስ ብቻ አይደለም፤ ስፔስን የመሥሪያ አዲስ መንገድ ነው።

መንገዱ ግን ለ17 ዓመት ያህል የተጠበቀውን ያህል ሩቅ አልወሰደም። በ1991 ቶማስ ሽሉምፕሬኽት አንድ ለውጥ አደረገበት። ቁራጮቹ ከየት እንደሚጀምሩ የሚወስነውን ገደብ አነሳ፤ በሁለት ማካፈሉንም ትቶ በቁራጮቹ ብዛት ላይ አንድ ጨምሮ በሚወሰድ፣ መነሻው ሁለት በሆነ ሎጋሪዝም አካፈለ። ሦስት ቁራጭ ከሆነ በሁለት፣ ሰባት ከሆነ በሦስት፣ አሥራ አምስት ከሆነ በአራት ይካፈላል። ለውጡ ጥቂት ይመስላል፤ የተገኘው ስፔስ ግን ኖርሙን በአዲስ አቻ ኖርም ስትተካው በየትኛውም ንዑስ ስፔሱ ውስጥ የፈለግከውን ያህል ሊዛባ የሚችል ነው። የጋወርስና የሞሬ በር የተከፈተው ከዚህ ነው።

ሁለቱ የተነሱበት ጥያቄ የመሠረትን ጉዳይ አንድ ደረጃ ከፍ ያደርገዋል። ቅድመ ሁኔታ የሌለው መሠረት የሚባለው፣ ድምሩን ስንጽፍ የፈለግነውን አባል ምልክት ከመደመር ወደ መቀነስ ብንገለብጥ የቬክተሩ ርዝመት ከተወሰነ መጠን በላይ የማይናወጥበት ነው። የሂልበርት ስፔስ መሠረት እንዲህ ነው፤ ምልክት ቢገለበጥ ርዝመቱ ምንም አይለወጥም። ማለቂያ አልባ ስፔስ ሁሉ መሠረት ያለው ንዑስ ስፔስ መያዙ የታወቀ ነው፤ መሠረቱ ቅድመ ሁኔታ የሌለው እንዲሆን ብንጠይቅስ? ይህ ነበር የተንጠለጠለው ጥያቄ። ሞሬ ከሃስከል ሮዘንታል ጋር በ1977 ያወጡት ሥራ ደግሞ አንድ የረቀቀ ብልሃት ይዞ ነበር፦ ቬክተሮችን በተራ ስትመርጥ ቀጣዩ ምን እንደሚሆን ያለፉት እንዲወስኑት የሚያደርግ የምስጢር ቁጥር አሰጣጥ። በ1991 ይህ ብልሃት ከሽሉምፕሬኽት ኖርም ጋር ተጋባ። በተገኘው ስፔስ ውስጥ ምንም ያህል ብትጠልቅ፣ ሲደመሩ ረጅም፣ ምልክታቸው እየተፈራረቀ ሲያያዙ ግን እጅግ አጭር የሚሆኑ ቬክተሮች ይገኛሉ። ቅድመ ሁኔታ የሌለው መሠረት በየትኛውም ንዑስ ስፔስ ውስጥ የለም።

ጽሑፋቸውን ያነበበው ዊልያም ጆንሰን ከዚህ የሚከብድ ነገር አየ። ማረጋገጫው ጥቂት ቢስተካከል፣ ስፔሱም ሆነ ንዑስ ስፔሶቹ ለሁለት ማለቂያ አልባ ክፍሎች የማይከፈሉ መሆናቸውን ያሳያል። ሁለት ማለቂያ አልባ ንዑስ ስፔሶችን እንደፈለግህ ውሰድ፣ ከመነሻው በቀር ምንም የጋራ ነጥብ ባይኖራቸው እንኳ፤ ርዝመቱ አንድ የሆነ ቬክተር ከአንዱ፣ ርዝመቱ አንድ የሆነ ሌላ ቬክተር ከሌላኛው ታገኛለህ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀትም የፈለግከውን ያህል ጥቂት ነው። ማንም ከማንም መራቅ አይችልም። እንዲህ ያለው ስፔስ ውስጠ አልተከፋይ ልበለው። ጋወርስና ሞሬ ከዚህ ተነስተው ያሳዩት ነገር ለታሪካችን ወሳኙ ነው፦ ውስጠ አልተከፋይ ስፔስ ከራሱ ያነሰ ከየትኛውም ንዑስ ስፔሱ ጋር አይሶሞርፊክ አይሆንም። ባናኽ አንድ ዳይሜንሽን ብቻ ብንቀንስለት ስፔስ ሁሉ ከራሱ ጋር አይሶሞርፊክ ሆኖ ይቀራል ወይ ብሎም ጠይቆ ነበር፤ ይህ ስፔስ አንዲት ዳይሜንሽን እንኳ ቢጎድልበት ሌላ ነው።

አሁን ሁለት ጫፎች በእጃችን አሉ። በአንዱ ጫፍ ከየትኛውም ቁራሹ ጋር እኩል የሆነው ሂልበርት፣ በሌላው ጫፍ ከአንድም ቁራሹ ጋር የማይመሳሰለው የ1991ዱ ስፔስ። ጋወርስ የጠየቀው ጥያቄ፣ ቀላልነቱ እስከዛሬ የሚገርመኝ፣ ይህ ነው፦ ቅድመ ሁኔታ የሌለው መሠረት ከየትም የማይገኝበት ስፔስ ሁሉ የግድ በውስጡ አልተከፋይ ይይዝ ይሆን? መልሱ አዎ ሆነ። ማንኛውም ማለቂያ አልባ የባናኽ ስፔስ ወይ ቅድመ ሁኔታ የሌለው መሠረት ያለው ንዑስ ስፔስ ይይዛል፣ ወይ ውስጠ አልተከፋይ የሆነ ንዑስ ስፔስ ይይዛል። ሦስተኛ መንገድ የለም።

ማረጋገጫው ጨዋታ ነው። ሥሩ የፍራንክ ራምዚ ቲዎረም ነው፤ ራምዚ በ26 ዓመቱ በ1930 የሞተ የካምብሪጅ ሰው ነው። ማለቂያ የሌላቸው ነገሮችን ጥንድ ጥንዶች በሁለት ቀለም ብትቀባ፣ ጥንዶቻቸው በሙሉ አንድ ቀለም የሆኑ ማለቂያ አልባ ስብስብ ከመካከላቸው ታገኛለህ ይላል። ይህን እንዳለ ወደ ባናኽ ስፔስ ማምጣት አይቻልም፤ ቬክተሮች በዝተው ቀለሙ ይደባለቃል። ጋወርስ በቀለም ፋንታ ሁለት ተጫዋቾች አስቀመጠ። አንዱ ንዑስ ስፔስ ይመርጣል፤ ሌላው ከተመረጠው ውስጥ አንድ ቬክተር ያወጣል፤ ተራው እንዲህ ይቀጥላል። ቬክተር አውጪው የሚያሸንፈው፣ ያወጣቸው ቬክተሮች ሲደመሩ ረጅም፣ ምልክታቸው ሲፈራረቅ አጭር ከሆኑ ነው። ተጋጣሚው የመረጠለትን ንዑስ ስፔስ እምቢ ማለት አይችልም። ጋወርስ ያረጋገጠው፣ ለጥቂት ስሕተት ቦታ ከሰጠን፣ ከሁለቱ አንዱ የግድ መሆኑን ነው። ወይ እንዲህ ያሉ ቬክተሮች ከናካቴው የማይገኙበት ንዑስ ስፔስ አለ፤ ያኔ እዚያ ውስጥ ቅድመ ሁኔታ የሌለው መሠረት ተገኘ ማለት ነው። ወይ ደግሞ ተጋጣሚው የቱንም ያህል ቢከፋ ቬክተር አውጪው የማሸነፊያ ስልት የሚኖርበት ንዑስ ስፔስ አለ።

ሁለተኛው ሲሆን የሚመጣው ውጤት የዚህ ሁሉ ሥራ እምብርት ነው ብዬ አምናለሁ። እዚያ ንዑስ ስፔስ ውስጥ ሁለት ክፍሎች፣ አንዱን ቀኝ ሌላውን ግራ እንበላቸው፣ እንደ ልብህ ውሰድ። የንዑስ ስፔስ መራጩ ተራ በተራ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ ይበል። ቬክተር አውጪው ስልት አለውና ያሸንፋል። የቀኞቹ ድምር በቀኝ ውስጥ ነው፣ የግራዎቹ ድምር በግራ ውስጥ ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ ረጅም ናቸው፣ ሲቀናነሱ ግን ከምንም አይቆጠሩም። ልዩነታቸው ኢምንት ከሆነ ደግሞ አንዱ ሌላውን አከለ ማለት ነው፤ ቀኝና ግራ ተነካኩ። ቀኝና ግራን የመረጥነው እንደፈለግን ነበርና ያ ንዑስ ስፔስ አልተከፋይ ነው። ተጋጣሚን ለመርታት የተሠራ ስልት ስፔሱ የማይከፈልበት ምክንያት ራሱ ሆነ።

በካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ትሠራ የነበረችው ፖላንዳዊት ኒኮል ቶምቻክ-የገርማን ከሪሻርድ ኮሞሮቭስኪ ጋር ሆና የባናኽን ጥያቄ በሌላኛው በር ገብታበት ነበር። በ1995 የታተመው ሥራቸው፣ ሆሞጂኒየስ ሆኖ ሂልበርት ያልሆነ ስፔስ ቢኖር ቅድመ ሁኔታ የሌለው መሠረት የማይገኝለት ንዑስ ስፔስ የግድ በውስጡ እንደሚኖር ያረጋግጣል። ይህ ብቻውን ጥያቄውን አይዘጋም፤ እንዲህ ያለ ስፔስ ይኖር ይሆናልና።

ሁለቱ ሥራዎች ሲገናኙ ግን ማረጋገጫው በጥቂት መስመር ያልቃል። ሆሞጂኒየስ ስፔስ ውሰድ። በጋወርስ ቲዎረም ከሁለቱ ዓይነት ንዑስ ስፔሶች አንዱን ይዟል። አልተከፋዩን ከያዘ፣ ከእሱ ጋር አይሶሞርፊክ ስለሆነ ራሱም አልተከፋይ ነው፤ አልተከፋይ ግን ከየትኛውም ቁራሹ ጋር አይመሳሰልም፣ የእኛው ደግሞ ከሁሉም ጋር ይመሳሰላል፤ ስለዚህ ይህ ሊሆን አይችልም። እንግዲህ የያዘው ቅድመ ሁኔታ የሌለው መሠረት ያለውን ነው፤ በመሆኑም እሱም ንዑስ ስፔሶቹም በሙሉ እንዲህ ያለ መሠረት አላቸው። ያኔ በኮሞሮቭስኪና በቶምቻክ-የገርማን ሥራ ሂልበርት ከመሆን ሌላ ምርጫ የለውም። የጋወርስ ጽሑፍ በ1996 ታተመ። በ1998 በርሊን ላይ በተካሄደው የሒሳብ ሰዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤ የፊልድስ ሜዳሊያ ሲሰጠው ከተጠቀሱለት ሥራዎች ውስጥ ይህ ነበረበት።

ስለዚህ ጉዳይ ሲነገር ብዙ ጊዜ አጽንኦቱ በባናኽ መልስ ላይ ይወድቃል። በእኔ አመለካከት ከመልሱ ይልቅ የጋወርስ ክፍፍል ይበልጣል። የባናኽ ስፔሶችን ሁሉ እስከ አይሶሞርፊዝም መልክ መልክ ማስያዝ ተስፋ የለውም፤ ቫለንቲን ፈረንቺ፣ አላን ሉቮና ክርስቲያን ሮዘንዳል በ2009 ባወጡት ሥራ፣ ሁለት ሴፐራብል ስፔሶች (በዝርዝር ሊቆጠሩ በሚችሉ ነጥቦች ወደ እያንዳንዱ ነጥባቸው የፈለግነውን ያህል መቅረብ የሚቻልባቸው) አይሶሞርፊክ መሆናቸውን የመለየት ጥያቄ በዓይነቱ ካሉት ሁሉ የከበደውን ያህል እንደሚከብድ አረጋግጠዋል። ጋወርስ ግን በ2002 ሌላ መንገድ ጠቆመ፦ ስፔሱን ሙሉውን ተወውና ወደ ንዑስ ስፔስ ውረድ፤ ስትወርድ የግድ የምታገኛቸውን ዓይነቶች ብቻ ዘርዝር። ፈረንቺና ሮዘንዳል በዚህ መንገድ ሄደው አዳዲስ ክፍፍሎች ጨመሩ፤ በ2009ኙ ዝርዝራቸው ዋና ክፍሎቹ ስድስት ደረሱ።

ባናኽ የጠየቀው ንዑስ ስፔሶቹ በሙሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ስፔስ ነው። ሁለት ዓይነት ብቻ ያለው ስፔስስ? ይህ የጆንሰን ጥያቄ ነው፣ እስካሁንም ክፍት ነው። በ2018 የታተመው የዊልሰን ኩዌያር ካሬራ ውጤት ፍለጋውን አጥብቦታል፦ እንዲህ ያለ ስፔስ ቢኖር በታይፕና በኮታይፕ፣ ማለትም ቬክተሮች ምልክታቸው በዕጣ እየተወሰነ ሲደመሩ በሚሰጡት አማካይ ርዝመት፣ ለሂልበርት የተጠጋ መሆን አለበት። የሚፈለገው ሂልበርት ሳይሆን ሂልበርትን ሊነካ የደረሰ፣ ሁለት ዓይነት ቁራሽ ብቻ ያለው ስፔስ ነው፤ ማንም ገና አልሠራውም፣ ሊሠራ እንደማይችልም ማንም አላረጋገጠም።